የሚያፈስ ራዲያተርና ማጣበቂያ፦ የቴክኒክና ፈጠራ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን በዚህ የትምህርት ዘመን አብዛኛውን ጊዜውን ለአንድ ሥራ ሰጥቷል፤ እርሱም የሚያፈስ የመኪና ራዲያተርን በቤት ውስጥ በማጣበቂያ መጠገን የሚቻለው እስከ ምን ድረስ እንደሆነ መመርመር ነው። ጉዳዩን የመረጡት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። በአዲስ አበባ ከመገናኛ በኮተቤ በኩል ወደ ካራ የሚወጣውን ዳገት ዘወትር የሚጓዝ ሰው፣ ኮፈናቸውን ከፍተው መንገድ ዳር እንፋሎት የሚያወጡ ሚኒባሶችን ማየቱ አይቀርም፤ ከክበቡ አባላትም መካከል የሹፌር ልጆች ጥቂት አይደሉም።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ለፊዚክሱ ሰጠን። አካባቢያችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላለው የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ክዳን በሌለው ዕቃ የተጣደ ውሃ 92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። ጤነኛ ራዲያተር ግን ክዳኑ ብዙውን ጊዜ ከውጭው አየር በላይ 0.9 ወይም 1.1 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ግፊት አምቆ ስለሚይዝለት፣ ውስጡ ያለው ውሃ ከ110 ዲግሪ በላይ ካልደረሰ አይፈላም። የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ስንጥቅ ይህንን ግፊት ታስተነፍሰዋለች። ሞተር በደህናው ቀን የሚሠራው በ90 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ ግፊቱን ያጣ ራዲያተር በእኛ ከፍታ ለመፍላት የሚቀረው እጅግ ጥቂት ነው፤ ውሃ እየጨመሩ መንዳትም እዚህ ቴስታታን፣ ማለትም የሞተሩን የላይኛ ክፍል፣ እስከማጣመም ያደርሳል። ተማሪዎቹ ይህ ከገባቸው በኋላ ለትንሿ ቀዳዳ የሰጡት ክብደት ፍጹም ተለወጠ።

ለተግባሩ ሥራ አንድ የታክሲ ሹፌር የሆኑ ወላጅ ሁለት ያገለገሉ ራዲያተሮች ሰጡን፤ ላደረጉልን ሁሉ ክበቡ ከልብ ያመሰግናቸዋል። አፎቹን በጎማ ደፍነን፣ ራዲያተሩን ውሃ በሞላ በርሜል ውስጥ አጥልቀን፣ መለኪያ ባለው የብስክሌት ፓምፕ ከክዳኑ ግፊት ሳናሳልፍ ቀስ እያልን ነፋነው። ውሃ በቱቦዎቹ መካከል ባሉት ስስ የብረት ክንፎች ላይ እየተንሸራተተ ስለሚወርድ የሚንጠባጠብበት ቦታና የሚያፈስበት ቦታ አንድ አይደሉም፤ አረፋው ግን አይዋሽም። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ አረፋው ከሚወጣበት ቱቦ ላይ ዓይኗን ሳትነቅል፣ ቀይ ክር በክንፎቹ መካከል አሾልካ ቦታውን አሰረችበት።

ጥገናው በአሉሚኒየም ቱቦው ላይ ሲደረግ፣ በቀዳዳው ዙሪያ ያሉት ስስ ክንፎች በፒንሳ ተነሡ፤ ቦታው በአሴቶን ታጠበ፤ እስኪያብረቀርቅ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ተፋቀ፤ ዳግመኛም ተጠረገ። ቅደም ተከተሉ ትልቅ ትርጉም አለው፤ ቅባቱ ሳይለቅ የተፋቀ ብረት ቅባቱን ወደ ጭረቶቹ ውስጥ ያስገባዋልና። ኢፖክሲ የተባለውን ባለ ሁለት ቱቦ ማጣበቂያ፣ መመሪያው እንደሚያዝዘው እኩል በእኩል፣ መልኩ አንድ ወጥ እስኪሆን አዋሕደው ወዲያው ቀቡት፤ የተፋቀ አሉሚኒየም በአየር ውስጥ ሲቆይ ፊቱ እንደገና በኦክሳይድ ይሸፈናል። ከዚያ 24 ሰዓት መጠበቅ የግድ ነው፤ በብርዳማ ቀን ደግሞ ኢፖክሲ የሚጠነክረው ዘግይቶ ስለሆነ ራዲያተሩን ፀሐይ ላይ አውጥተነዋል። ለንጽጽር ሆን ብለን ቅባቱ ሳይወገድ ያስለጠፍነው ኢፖክሲ፣ ከደረቀ በኋላ በጥፍር ሲነካ እንደ ቅርፊት ተነሣ፤ በሥርዓቱ የተሠራው ግን በርሜሉ ውስጥ ግፊቱን ይዞ አንዲት አረፋ እንኳ አላወጣም።

ሁለተኛው ራዲያተር የተሰነጠቀው የፕላስቲክ ታንኩ ላይ ነበር። ይህ ፕላስቲክ ናይሎን ስለሆነ ኢፖክሲ አጥብቆ አይይዘውም፤ ስንጥቁም በሙቀትና በግፊት ስለሚከፈትና ስለሚዘጋ፣ ሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ ካፈራረቅንበት በኋላ ልጥፉ ከዳር ጀምሮ ለቀቀ። ለእንዲህ ያለው ጉዳት የክበቡ ምክር ታንኩን ማስቀየር ወይም ሌላ ራዲያተር መግዛት ነው። ሱፐር ግሉም በሞተር ሙቀት ስለሚለሰልስ ለዚህ ሥራ አይሆንም። እንቁላል ወይም እርድ ራዲያተር ውስጥ መጨመር በየሰፈሩ የሚነገር ምክር ቢሆንም፣ ቀዳዳውን የሚደፍነው ነገር ጠባቦቹን ቱቦዎችም ሊደፍን ስለሚችል በጥብቅ እንቃወመዋለን።

የማራዘሚያ ገመድና የወንበር ጥገና ሥራችንም እንደ ወትሮው ቀጥሏል።

የተጠገነው ራዲያተር ለሰጡን ወላጅ ተመልሷል። ሌላ እስኪገዙ ድረስ ብቻ እንዲገለገሉበት፣ ውሃውንም በየማለዳው ሞተሩ ሳይነሣ እንዲያዩ ተማሪዎቹ ጽፈው ሰጥተዋቸዋል፤ ሞተሩ እንደጋለ የራዲያተሩ ክዳን ፈጽሞ እንዳይከፈት የሚለውን መስመር በቀይ እስክሪብቶ አስምረውበታል። ይህንን ሥራ በቤታቸው ለሚሞክሩ ቤተሰቦች የምንጨምረው አንድ ነገር አለ፦ ከራዲያተር የሚቀዳ ኩላንት (የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ጣፋጭነት ያለው መርዝ ስለሆነ መሬት ላይ አይደፋ፤ በተከደነ ጀሪካን ተጠራቅሞ ሕፃናትና ውሾች ከማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ።