ለልጄ፦ ስለ ሱዳናውያኑ ልጆች ጥናት

ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደሴ ብርዱ ጠንቷል፤ ሌላው ሁሉ ሰላም ነው።

አዲስ አበባ ቅዳሜ ቅዳሜ የምታስጠኗቸውን፣ ከጦርነት ሸሽተው የመጡትን የሱዳን ልጆች ደብተር ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። «ሒሳብ አልገባ ብሏቸዋል፣ አስጠኚዎቹም እየቀነሱብኝ ነው» ያልሽውን ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩ። በስልክ እንዳላወራሽ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ አስቸገረን። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ ሒሳቡን። ያ ልጅ 25 ሲደመር 30 ስንት ነው ተብሎ ሁለት ክብ ነገር ጽፏል። አስጠኚው ዜሮ ዜሮ መስሎት በቀይ ኤክስ አድርጎበታል። ልጁ ግን አልተሳሳተም። የጻፈው 55 ነው። በእነሱ አጻጻፍ አምስት ክብ ናት፤ የኛን ዜሮ ትመስላለች። ዜሮ ደግሞ ነጥብ ብቻ ናት። ስድስታቸው ቁርጥ የኛን 7 ነው። እኔ ይህን የማውቀው የመንግሥት ትምህርት ቤት ሳልገባ በፊት ቁርኣን ቤት ስለተቀመጥኩ ነው። የአያዎቹ ቁጥር የሚጻፈው በዚያ ነው። እንዳትረሺው፣ ስትሄጂ የሰጠሁሽን ቁርኣን ግለጪና ተመልከቺ፤ ከአንድ እስከ አስር ያለው እዚያው አለልሽ።

ደግነቱ የቁጥሩ ቦታ አይለወጥም። አንድ ቤቱ በቀኝ፣ አስር ቤቱ በግራ ነው፤ እንደኛው። ስለዚህ መደመርን እንደ አዲስ ማስተማር አያስፈልጋችሁም። የሚለምዱት ምልክቱን ብቻ ነው። ካርቶን ቆርጣችሁ ሁለቱንም ዓይነት ቁጥር ጎን ለጎን ጻፉና ግድግዳው ላይ ለጥፉ። ቢቻል ልጆቹ ራሳቸው ይጻፉት። ሌላም አለ። በዐረብኛ ሲቆጠር አንዱ ከአስሩ ይቀድማል፤ ሃያ አምስትን «አምስት እና ሃያ» ነው የሚሉት። በቃል ስታስጽፏቸው 25ን 52 አድርጎ የሚጽፍ ልጅ ብታገኙ፣ ሰነፍ ነው ብላችሁ እንዳትደመድሙ።

ያን ቀይ ኤክስ ሳየው ሆዴ ባባ፣ ልጄ። ልክ የሠራ ልጅ ነው እኮ። እባክሽ ጥሪውና ልክ እንደነበር ንገሪው። እርማቱም እሱ እያየ፣ በዚያው ደብተር ላይ ይስተካከል።

የሱዳኑ ጦርነት የተጀመረበት ቀን ትዝ ይልሻል? ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር። ቀዳም ስዑር። እኛ ረመዳን ላይ ነን፣ ጎረቤቶቻችን ለፋሲካ ዶሮ እየገነጠሉ ነው፣ ካርቱም ውስጥ ተኩስ ተከፈተ ሲባል ሰማን። ከዚያ ወዲህ የዚያ አገር ትምህርት ቤት ብዙው ተዘጋ፣ አንዳንዱም መጠለያ ሆነ። ዩኒሴፍ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ 19 ሚሊዮን ያህል የሱዳን ልጆች ከትምህርት ውጭ ናቸው ብሎ ነበር። አንቺ ጋ የሚመጡት ከእነዚያ መሀል ናቸው። በመተማም ይምጡ በኩርሙክ፣ አዲስ አበባ እስኪደርሱ ስንት ወር ደብተር እንዳልነኩ አስቢው።

ስለዚህ «ስንተኛ ክፍል ነህ?» ብላችሁ አትጀምሩ። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ «ሦስተኛ» ብሎ ለመመለስ ያፍራል። «መጨረሻ ላይ ምን ስትማር ነበር?» በሉት። ያኔ ያወራችኋል። አንዱ ክፍልፋይ ይላል፣ አንዷ ግጥም ይዛለች። ከዚያ ነው የምትቀጥሉት። ስለ ጦርነቱ ግን ራሱ ካላነሳ ማንም እንዳይጠይቀው። ልጁ እናንተ ጋ የመጣው ሊማር ነው።

አሁን ወደ አስጠኚዎቹ ልምጣ። ስለዚህ ነገር ብዙ የምለው አለኝ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ተሁለደሬ መጠለያ ያሉትን ልጆች ሳስጠና እንደነበር ታውቂያለሽ። ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡት ማለቴ ነው። ብዙዎቹ በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ ተነሥተው ወደዚያ የሰፈሩ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። ወሎን ከአያቶቻቸው ወሬ በቀር የማያውቁ ልጆች ወሎ ውስጥ ተፈናቃይ ተባሉ። መጀመሪያ ሰሞን አስጠኚ ሞልቶ ነበር። ወጣቱ በቡድን ይመጣል፣ ቲሸርት ያሠራል፣ ፎቶ ይነሣል። ሁለት ወር ሳይሞላ ሰዉ ሳሳ። ለሚቀረው ሰው ምክንያት አይጠፋም፤ አንዱ ፈተና ደረሰበት፣ አንዱ ሥራ አገኘ። ልጁ ግን ደብተሩን ይዞ በሩ ላይ ይቆማል። የሚጠብቀው ያንን ሰው ነው። «ዛሬ ሌላ ሰው ያስጠናሃል» ሲባል ፊቱ ይጠቁራል። በሦስተኛው ሳምንት እሱም ይቀራል። ቤቱን፣ ሰፈሩን፣ አስተማሪውን በአንድ ጊዜ ያጣ ልጅ ነው። ደግሞ ሌላ ሰው ሲጠፋበት ትምህርቱንም ይጠላዋል።

ስለዚህ ሰው ቀነሰ ብለሽ አትደንግጪ። አብሽሪ። ሠላሳ ሆነው ከሚመጡና ከሚጠፉ፣ በየሳምንቱ በሰዓታቸው የሚገኙ ስምንት ሰዎች ይሻሉሻል። አዲስ ሰው ሲመጣ «ማገልገል ትወዳለህ ወይ?» አትበዪው። ማን አልወድም ይላል? «እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ቅዳሜ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ትገኛለህ ወይ?» ብለሽ ጠይቂው። እርግጠኛ ካልሆነ ሌላ ሥራ ስጪው፤ ወረቀት ፎቶ ኮፒ ያድርግ፣ እስክሪብቶ ያፈላልግ። ከልጅ ጋር ግን አታቀምጪው። ለእያንዳንዱ ቡድን ሁለት ሁለት አስጠኚ መድቢ፤ አንዱ ቢታመም ሌላው ልጆቹን ያውቃቸዋል። ደግሞም ከልጅ ጋር ብቻውን በር ዘግቶ የሚቀመጥ ሰው አይኑር። ዘመድሽም ቢሆን። ይህን ከመጀመሪያው ቀን ሕግ አድርጊው።

ፎቶውንም ነገር ተይው። ለኔ የደብተር ፎቶ መላክሽ ምንም አይደለም። የልጆቹ ፊት ግን ፌስቡክም ቲክቶክም ላይ መውጣት የለበትም። እነዚህ ሰዎች ከማን ሸሽተው እንደመጡ አናውቅም። ዘመድ እዚያ የቀረባቸው አሉ።

እናቶቹን ደግሞ በሩ ላይ አታስቀሪያቸው። አስገቢያቸው። ፎርም ከማስሞላትሽ በፊት ቡና አፍዪላቸው። እነሱም ጀበና ያውቃሉ፤ ዝንጅብል ጨምረው ነው የሚጠጡት። ዝንጅብል ካለ አዘጋጂላቸውና ራሳቸው እንደሚወዱት ያፍሉት። እስከ በረካ ድረስ አብረሽ ተቀመጪ። ያኔ ነው ነገሩ የሚገባሽ። ሰነፍ መስላ የታየችሽ ልጅ እናቷ ሥራ ስትውል ታናናሾቿን ስትጠብቅ ነው የምታመሸው። «ታናሽሽን ይዘሽ ነይ» በያት፣ ጥግ ላይ ምንጣፍ አንጥፉለት፣ ትመጣለች። መጠለያው ውስጥ ሴቶቹ ልጆች ሲቀሩብን የሠራልን ይሄ ነው። ረመዳን ሲገባም ሰዓቱን እናቶቹ ይምረጡት።

አንድ እናት ልጇን ትምህርት ቤት ስታስመዘግብ ወረቀት የለሽም ተብላ ተመለሰች ብለሽኛል። ሕጉን ይዘሽ አብረሻት ሂጂ። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ስደተኛን ከዜጋ እኩል ያደርገዋል። ጥገኝነት ጠያቂም በዚያው ውስጥ ነው። ርዕሰ መምህሩን አትቆጪ፤ አዋጁን አሳይው፣ በትሕትና ተናገሪ፣ ግን መልስ ሳታገኚ ከዚያ ቢሮ አትውጪ። እኔ በማስተማር ዘመኔ እንዳየሁት፣ ብዙው ሰው የሚከለክለው ከክፋት ሳይሆን ኃላፊነት ፈርቶ ነው። ትምህርት ቤት ያልገባ ልጅ ደግሞ ቅዳሜ ለሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ብታስጠኚው የትም አይደርስም። የናንተ ጥናት ትምህርት ቤትን መደገፊያ ነው። መተኪያ አይሆንም።

«ሌላው ሰው የራሳችን ችግር መች አነሰን ይለኛል» ያልሽው ከንክኖኛል። የራሳችን ችግርማ አለ። በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ ጦርነት ሲገባ አንቺም በእግርሽ ወጥተሻል፤ ማን እንዳስጠጋሽ ታውቂያለሽ። በደርግ ጊዜም ስንቱ ኢትዮጵያዊ በመተማ አልፎ ገዳሪፍ ገባ! አጎትሽ ካርቱም ውስጥ ያደረው ሱዳኖች ቤት ነው፤ ሥራ እስኪያገኝ ኪራይ አልጠየቁትም። እዚያ አገር ዛሬ ቤቱ የፈረሰው የእነዚያ ሰዎች ነው።

የወሎ ልጅ ደግሞ እንግዳ ተማሪ አይከብደውም። ዳና እና ጀማ ንጉሥ ባሉት የእስልምና ትምህርት ቦታዎች ስንት ደረሳ፣ ማለትም የሃይማኖት ተማሪ፣ ከሩቅ አገር መጥቶ ቀራ! ሸሁ ክፍያ አይጠይቅም፣ ቀለቡን የአካባቢው ሰው ይሰጠዋል። ሐይቅ እስጢፋኖስም አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዘመን ከየአገሩ የመጣውን ተማሪ ሰብስበው ያስተማሩበት ነው። የቆሎ ተማሪውን ሲያበላ የኖረው የማያውቀው ባላገር ነው። አያትሽ ደረሳ ሲመጣ «ከየት ነህ?» ከማለቷ በፊት ንፍሮ ታቀርብ ነበር። ይህንን ለሚጠይቁሽ ሰዎች ንገሪያቸው፤ መከራከር አያስፈልግሽም።

አስተርጓሚ አጣሁ ላልሽው ሁለት ሴቶች አግኝቼልሻለሁ። ሁለቱም ሳዑዲ ብዙ ዓመት ሠርተው የተመለሱ የሰፈራችን ልጆች ናቸው። ዐረብኛቸው ሸጋ ነው። የሱዳኖቹ አነጋገር ትንሽ እንደሚለይ ነግረውኛል፤ ግን ይግባባሉ። ቅዳሜ ከስምንት እስከ አስር ሰዓት ስልካቸውን ክፍት አድርገው ይጠብቁሻል። እናቶቹ ጥያቄ ሲኖራቸው በስፒከር አድርጊና አገናኚያቸው። ካርዱን እኔ እሞላለሁ፣ በሱ አታስቢ። ቁጥራቸውን በቴሌግራም እልክልሻለሁ። መጀመሪያ ግን ዛሬ ማታ ደውለሽ ተዋወቂያቸው፤ ቀን ቀን ሱቅ ላይ ስለሆኑ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይሁን።

እናትሽ
ደሴ