ደብዳቤ ለልጄ፦ ሐማ የሚሆነው ማን ነው?

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ?

ትናንት ስልኩን ከዘጋሽ በኋላ ሳስበው አመሸሁ። አይሁድ ሊያጠፋቸው ካሰበው ከሐማ የዳኑበት በዓል ለሆነው ለፑሪም፣ ልጆቹን በልብስ አስመስለሽ ትልቋን አስቴር፣ መካከለኛውን መርዶክዮስ፣ ትንሹን ሐማ አድርገሽ አንድ ላይ ፎቶ ልታነሺያቸው ማሰብሽ ደስ ይላል። ግን ማን ሐማ መሆን ይወዳል? ሜጊላው፣ መጽሐፈ አስቴር ማለት ነው፣ ሲነበብ ስሙ በተጠራ ቁጥር ምኩራቡ ሙሉ ራዓሻን በሚባለው ማንጫጫና በእግር ድብደባ ሲጮኽበት፣ የአራት ዓመት ልጅ ቢያለቅስ ምን ይፈረድበታል? እሳት አጥፊ ልሁን ካለ ይሁን።

አንቺስ ትዝ ይልሻል? እ.ኤ.አ. በ1991 በዘመቻ ሰለሞን ወደ እስራኤል መጥተን ገና ዓመት አልሞላንም። ከትምህርት ቤት የመጣውን ወረቀት ማንበብ አቅቶኝ ጎረቤት ብጠይቅ «ነገ በዓል ነው፣ ታሕፖሴት አልብሻት» አለችኝ። ታሕፖሴት ሌላ ሰው ለመምሰል የሚለበስ ልብስ መሆኑን ከየት አውቄ! ጎንደር ሳለን ጾመ አስቴርን እንጾማለን እንጂ ጭምብልና የወረቀት ዘውድ አናውቅም። በዓል ከሆነማ ብዬ ባለ ጥለቱን ቀሚስሽን አጥቤ አለበስኩሽ። አስተማሪዋ «ምን ሆነሽ መጣሽ?» ብትልሽ መልስ አጥተሽ እያለቀስሽ ተመለስሽ። መጽሐፈ አስቴር ሲጀምር ንጉሡ ከህንድ እስከ ኢትዮጵያ 127 አገር ይገዛ ነበር ይላል፤ ከዚያች ከመጨረሻዋ አገር የመጣች ናት ብዬ በመለስኩላት ነበር። ዕብራይስጡ የት አለና!

አሁን እንዲህ እናድርግ። ሳጥኔ ውስጥ አንድ ያረጀ ነጠላ አለኝ፤ ሸማው ሳስቷል፣ ጥለቱ ግን ደህና ነው። ቆርጬ ለአስቴር በቀሚሷ ጫፍ፣ ለመርዶክዮስ በመታጠቂያው ላይ እሰፋዋለሁ። የእሳት አጥፊው ቆብ ፕላስቲክ ስለሆነ መርፌ አይገባውም፤ አንቺ በሙጫ አጣብቂው። አብረው ሲቆሙ የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸው ይታያል፣ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?

ሐማ ባልሽ ይሁን። ትልቅ ሰው ነው፣ ጩኸቱን ይችለዋል። ለመርዶክዮስ ከመጥረጊያ እንጨት ፈረስ ይሥራለት፤ ፈረሱን እየሳበ በከተማው እንዲዞር በመጽሐፉም የታዘዘው ሐማ ነው።

የትልቋን ቁመት እስከ ሐሙስ ላኪልኝ፣ ግን ለክተሽ እንጂ በግምት አይደለም፤ አምና የሰፋሁላት ጉልበቷ ላይ ቀርቷል። ለሚሽሎአሕ ማኖት፣ በበዓሉ ለወዳጅ ለምንልከው ምግብ፣ ዳቦውን እኔ እጋግራለሁ። ኦዝኔይ ሐማኑን፣ ባለ ሦስት ማዕዘኑን የፑሪም ብስኩት፣ ከሱቅ ግዢ፤ የእኔ ምድጃ ውስጥ እየተከፈተ አስቸግሮኛል።

እናትሽ