ለክረምቱ ብቻ

እማዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ? ዘጌ ወደቡ ላይ ከጀልባ ስትወርጂ መውደቅሽን የሰማሁት ከጎረቤትሽ ነው፣ ያውም ከሦስት ሳምንት በኋላ። እሺ፣ አልቆጣም። የግፊት መድኃኒቱን ግን በየቀኑ ዋጪ። «ዛሬ ደህና ነኝ» ተብሎ የሚዘለል አይደለም።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትልቁ አዲሱን የዓባይ ድልድይ በእግሩ ተሻግሮ «380 ሜትር ነው» እያለ ላገኘው ሰው ሁሉ ያወራል፤ አያቴንም አሻግራታለሁ ይላል። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ ጣራ ላይ ወርውራዋለች።

የምድር ቤቱን ነገር ልንገርሽ። በጓሮ በኩል በር ያለው፣ ደረጃ የሌለው ክፍል ነው፣ ታውቂዋለሽ። አምና ግንቦት ላይ ሊሾው ላይ ካርፔት በማስቲሽ አስለጥፌ ነበር። ሠራተኛው ወለሉን በእጁ ዳበስ አድርጎ «ደረቅ ነው» አለኝ። በግንቦት ምን ደረቅ ያልሆነ ነገር አለ? ነሐሴ ላይ በሩን ስከፍት እርጥብ ጆንያ ሸተተኝ። ጥጉን ብድግ ሳደርገው ማስቲሹ ለቋል፣ ከሥሩ ጥቁር ሻጋታ። ግድግዳው ሥር ደግሞ ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር፤ ውሃው ከሲሚንቶው ውስጥ ይዞት የወጣ ጨው ነው አሉኝ። ገንዘቤም አብሮ ተጣለ።

መስከረም ላይ (ሐይቁም የሚሞላው ዝናቡ ሲያበቃ አይደል) ክንድ በክንድ የሚሆን ላስቲክ ወለሉ ላይ ዘርግቼ ጠርዙን ዙሪያውን በፕላስተር አሸግኩት። በማግስቱ ከላስቲኩ ሥር ጠብታ በጠብታ ሆኗል። ለካ ሲሚንቶ እንደ ኩራዝ ክር ውሃ ይስባል። ከዚያ በላይኛው በኩል ቦይ አስቆፍሬ ጠጠር ሞላሁበት፣ አሸንዳውንም ከግድግዳው አራቅኩት። የዘንድሮው ካርፔት አልተለጠፈም፣ ተዘርግቶ ብቻ ነው ያለው። ሱፍ ሳይሆን ናይለን ነው፤ እርጥበት ቢነካውም ቶሎ አይበሰብስም። ከረጠበ ጠቅልዬ ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ።

ባለቤቴ «ለአንድ ክፍል ይሄ ሁሉ?» ይለኛል። እሱ የሲሚንቶ ብርድ አያውቅም። እኔ እታለም ቤት ሊሾ ላይ፣ በአንድ ሰሌን፣ ስድስት ዓመት ተኝቻለሁ። ብርዱ መጀመሪያ ዳሌ ላይ ነው የሚገባው፣ ከዚያ ትከሻ። ስትገላበጪ ሰሌኑ ይንኮሻኮሻል፣ እታለም ትነቃለች። ስለዚህ አትገላበጪም።

«ለክረምቱ ብቻ ነው» ብለሽ ነበር ጀልባው ላይ ያስቀመጥሽኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። መስከረም ሲጠባ በየቅዳሜው ወደቡ ድረስ እየሄድኩ እቆም ነበር። ጌሾሽ መጣ፣ ሎሚሽ መጣ። አንቺ አልመጣሽም። እንድማር ብለሽ ነው፣ ይገባኛል፣ ተማርኩም፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን አንድ ቀን እንኳ «ዋሽቼሻለሁ» ብትዪኝ ምን ነበረበት?

ይኸው አሁን እኔ ራሴ «ለክረምቱ ብቻ ነይ» ልልሽ ሦስት ጊዜ ስልክ አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩ። አፌ ላይ ሲደርስ ድምፁ ያንቺ ሆኖ ይመጣብኛል። በስልክ ስላቃተኝ ነው የምጽፈው።

ለክረምቱ ብቻ አይደለም እማዬ። ሐኪሙ ያለውን ሰምተሻል፣ ብቻሽን ማደር የለብሽም። ክፍሉ ያንቺ ነው፣ እስከመቼም።

ቡናውን የወንድሜ ልጅ ይለቅመዋል፣ አነጋግሬዋለሁ። ጌሾውን ግን አልጠየቅኩትም፣ እሱን አንቺ ጨርሺ። ብቻሽን ጀልባ እንዳትሳፈሪ። ቅዳሜ ጠዋት እኔው መጥቼ እወስድሻለሁ። የሐኪሙን ወረቀትና መድኃኒቱን አንድ ላይ ጠቅልለሽ ጠብቂኝ።

ያንን ቡና ማስጫ ሰሌንሽን ደግሞ ይዤ ካልሄድኩ እንዳትዪ፣ ቤት ውስጥ ሰሌን ማየት አልፈልግም። ወይም ያዢው፣ ምን ቸገረኝ፣ ጓሮ ይሰጣል።