«የሻለቃ ምንጭ» እንዳይባል

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለሻለቃ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ደብረ ብርሃንም እንደምታውቃት ናት፤ ሁሉም ነገር ሲያረጅ ብርዷ ብቻ አላረጀም። የዝምታዬን ዓመታት በምክንያት አላስጌጥም፤ ሰነፍኩ፣ ከዚያ አፈርኩ፣ ቆይቶ ደግሞ ማፈሩ ራሱ ልማድ ሆነ። ይቅር በለኝ። ጡረታ ወጥተህ መንዝ መግባትህን ሰማሁ፤ ገና እግርህ ሳያርፍ ያገሩ ሰው የምንጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ እንዳደረገህም ሰማሁ። ደስ አለኝ፣ ትንሽም ሰጋሁ። ናፍቆቱን ለሌላ ቀን ልተወውና ስለ ሥራው ልጻፍልህ።

መጀመሪያ ስለ ማዕረጉ። የእኛ አገር ሰው ማዕረግ አይረሳም፤ የጃቶውን አበበ ቢቂላን ይኸው እስከ ዛሬ ሻምበል ብለን ነው የምንጠራው። ክብሩ መልካም ነው፣ ጣጣው ስብሰባ ላይ ነው። ጦር ሰፈር «እሺ ጌታዬ» ከተባለ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው። እዚህ «እሺ» ማለት «ሰምቻለሁ» ነው፤ አንዳንዴም «አሁን ተወኝ» ነው። ሰባ አባወራ እሺ ብሎህ ሰኞ ጠዋት አምስት ሰው ቢመጣ አትቆጣ። የቀረው ሰው አላመፀም፤ መጀመሪያውኑ አልተስማማም፣ «አልተስማማሁም» ብሎ ሻለቃን ፊት ለፊት መመለስ ደግሞ ነውር መስሎታል። ስለዚህ ስብሰባ ላይ መጨረሻ ተናገር። ከቻልክም ሰብሳቢነቱን ለእድሩ ዳኛ ልቀቅና አንተ ጸሐፊ ሁን። ከሠራዊቱ ይዘኸው የመጣኸው ትልቁ ሀብት ትእዛዙ ሳይሆን መዝገቡ ነው፦ ስም ጥሪው፣ ተረኛው፣ የዕቃው ገቢና ወጪ። መንደሩ የጎደለው እሱ ነው።

ወደ ውሃው እንምጣ። ሲሚንቶ ከመጠየቅህ በፊት ምንጩን ለካ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ሰዓትና ክንድ የሚያህል ቁራጭ ቱቦ ይበቃሃል። ውሃውን በጭቃ ገድበህ ሁሉም በቱቦው እንዲወርድ አድርግ፤ ጀሪካኑ እስኪሞላ ሰከንዱን ቁጠር፤ ሦስት ጊዜ ደግመህ አማካዩን ያዝ። በ40 ሰከንድ ከሞላ በሰከንድ ግማሽ ሊትር ነው፣ በቀን 43,200 ሊትር። ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ብታስብ 1,728 ሰው ያጠጣል፤ በወረቀት ላይ ማለቴ ነው። ማጠራቀሚያ ከሌለህ ሌሊት የሚፈሰው የጅብ ነውና ግማሹን ቀንስ። ጀሪካኑ ሁለት ደቂቃ ከፈጀ ግን የቀኑ ውሃ 14,400 ሊትር ብቻ ነው። ለሰባ ቤት፣ በየቤቱ አምስት ሰው ብለን፣ 8,750 ሊትር ይፈለጋል። የቀን ቀኑ 7,200 አይደርስለትም፤ ያኔ ማጠራቀሚያ የግድ ነው። ልኬቱን ጥቅምት ላይ አድርገህ እንዳትታለል፣ ጥቅምት ላይ ሁሉም ምንጭ ጌታ ነው። አንዴ የካቲት ላይ በልግ ሳይገባ፣ አንዴ ሰኔ መግቢያ ላይ ክረምቱ ሳይጀምር ለካና ያነሰውን እመን። ዶማ ከመነሣቱ በፊት ደግሞ አረጋውያኑንና ካህናቱን «ይህ ውሃ ጠበል ነበር ወይ?» ብለህ ጠይቅ። ከሆነ ሌላ የምንጭ ዓይን (ውሃው ከመሬት የሚወጣበትን ቦታ) ፈልጉ፤ ክርክሩ ከቁፋሮው ይረዝማል።

ብዙ ምንጭ የሚሞተው ቁፋሮና ግንባታ ላይ ነው። ሰው ውሃው ከፍ ቢል ቧንቧው የሚበረታ ይመስለውና ግድግዳውን አስረዝሞ ውሃውን ከዓይኑ በላይ ያቁረዋል። የምንጭ ግፊት ግን ትንሽ ነው። ፊቱ የቆመው ውሃ ሲከብደው ዞሮ በሌላ በኩል፣ ምናልባትም ከታች በሰው ማሳ ውስጥ ይወጣል። አንዴ ከዞረ መመለሱ ጭንቅ ነው። ስለዚህ ውሃው በሚወጣበት ቁመት ግራና ቀኝ ችካል ትከልና ሲባጎ ወጥር። የሁለቱን ችካል ቁመት ለማስተካከል ውሃ የተሞላ፣ ውስጡ የሚታይ የላስቲክ ቱቦ ይበቃል። ወደ ተራራው ገብታችሁ ስትቆፍሩ ዓይኑ ዝቅ ካለ ሲባጎውም አብሮ ይውረድ። የትርፍ ውሃ ማስወጫው ከሲባጎው ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፣ ወደ ቦኖ የሚሄደው ቱቦ ደግሞ ከእሱም በታች ይሁን። ትርፉ ቱቦ የክረምቱን ውሃ ሁሉ መቻል አለበት፤ በጋ ላይ በለካኸው መጠን የተገዛ ቱቦ ሐምሌ ላይ ይታፈንና ያው የፈራነው ይደርሳል። ጫፉን በወንፊት ሽቦ ሸፍነው፣ አይጥና እንቁራሪት እዚያ ይወዳሉ። ወለሉ ላይ ደግሞ ደለል ማጠቢያ ቱቦ አስቀምጥ።

ግድግዳው 4 ሜትር ርዝመት፣ 1.2 ሜትር ቁመት፣ 40 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ቢሆን ወደ 2 ሜትር ኩብ የድንጋይ ሥራ ነው። በአንድ ለሦስት ቡኬት (አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሦስት እጅ አሸዋ) ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ 6 ከረጢት ይበላል፣ ለልስኑ 2 ጨምር። አሸዋውን በብርጭቆ ፈትነው፤ ውሃ ጨምረህ ናጠውና አሳድረው፣ በ10 ሳንቲ ሜትር አሸዋ ላይ ከግማሽ ሳንቲ ሜትር የበለጠ ጭቃ ከተኛ ይታጠብ። መሠረቱ ውሃ ወደማያሳልፈው ንብርብር ካልገባ ውሃው በሥር ያልፋል፣ እናንተም ደረቅ ግድግዳ ትጠብቃላችሁ። ታኅሣሥና ጥር ላይ የምትገነቡ ከሆነ ውርጩን አትናቀው። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ቡኬት አይቦካ፣ ሌሊት በገለባ ይሸፈን፤ ሳይጠነክር ውርጭ የመታው ሲሚንቶ በክረምት እንደ ቆሎ ይራገፋል። ቀን ቀን ደግሞ 7 ቀን ሙሉ ውሃ ይጠጣ።

ከግድግዳው ጀርባ የታጠበ ድንጋይ ሙላ፣ ዓይኑ አጠገብ ትልልቁን፣ ወደ ላይ ጠጠሩን። በላዩ ላስቲክ አንጥፍና 30 ሳንቲ ሜትር አፈር ጠቅጥቅ። አፈሩ መረሬ እንዳይሆን! ቅርብ ስለሆነ ሁሉም መረሬውን ያመጣልሃል፤ በጋ ሲሆን ይሰነጠቅና የመጀመሪያው ዝናብ ከነበጠጡ በስንጥቁ ይገባል። ሸክላ ሠሪዎቹ ከየት እንደሚያወጡ ጠይቅ፣ የምትፈልገው የእነሱን አፈር ነው። ከዓይኑ በላይ 10 ሜትር ርቆ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ፣ ዙሪያውን አጥር፣ ሽንት ቤት ከበላይ በ30 ሜትር ውስጥ አይቆፈር። ባሕር ዛፉም ይራቅ፤ ባለቤቱ ያለቅሳል፣ ቆጥረህ ካሳ አስወስንለት። የከብት ገንዳው ከቦኖው በታች ይሁን። ሥራው ሲያልቅ የመጠጥ ውሃውን ገንዳ በ1,000 ሊትር ውሃ አንድ ሊትር ባለ 5 በመቶ በረኪና ጨምረህ አሳድረውና ሽታው እስኪጠፋ አፍስሰው።

የሥራ ቀን ስትቆጥር የጦር ሰፈሩን ወር አትቁጠር። ቅዳሜና እሑድ ሲወጣ፣ አቦ፣ ሥላሴ፣ ሚካኤል፣ ገብርኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ መድኃኔዓለምና ባለወልድ ሲወጣ ከ30 ቀን የሚተርፍህ 15 ቢሆን ነው። ድንጋይ ማጓጓዙን ግን ካህኑ «ለውሃ ነው» ብለው ከፈቀዱ በበዓልም ይሠራልሃል። በጡሩምባ ጥራ፤ በየሰፈሩ ተራ አውጣ፤ የቀረውን ስም ጻፈው፣ አታንብበው። መዝገቡ መኖሩን ማወቁ ይበቃዋል።

አሁን የፈራሁትን ልንገርህ። የጡረታ ብርህን እንዳታወጣ። ሲሚንቶው አንሶ ሥራው ሲቆም እጅህ ወደ ኪስህ እንደሚሄድ አውቃለሁ። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ኮሪያ የዘመተው ቃኘው ሻለቃ ከደመወዙ እያዋጣ ወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጉን ታስታውሰኛለህ። እውነት ነው፣ ግን ያ ሕፃን ምን ያዋጣ ነበር? የእናንተ መንደር ግን በግ አለው፣ ባና አለው፣ ጉልበት አለው። አንተ የከፈልክበት ዕለት «የሻለቃ ምንጭ» ይባላል፤ ቧንቧው ሲሰበር እንስራውን ይዘው ደጅህ የሚቆሙት ያኔ ነው። ድርሻህ እንደ ማንኛውም አባወራ አንድ እጅ ይሁን። ሌላው ከየቤቱ በየወሩ ይሰብሰብ፤ ገንዘብ ያዧ ሴት ትሁን (ውሃውን የምትቀዳው እሷ ናት፣ ብልሽቱን ቀድማ የምታውቀውም እሷ)፣ ባንክም በሦስት ፊርማ ይግባ። የመጀመሪያው ዓመት መዋጮ ለመዝጊያ ቫልቭ፣ ለቧንቧ እጀታና ለጎማ ማሸጊያው ይቀመጥ፤ የሚሰበሩት እነሱ ናቸው። የቦኖውን ቁልፍ አንተ አትያዝ።

ሕግ ስታወጡ ሩቅ አትሂዱ፣ የጓሳ የሣር መሬት አጠገባችሁ ነው። የመንዝ አባቶች «ቄሮ» በሚሉት የጋራ ጥበቃ ሥርዓት «አባ ቄራ» የሚባል አለቃ መርጠው ሣሩን ለዓመታት ዘግተው ጠብቀውታል፤ የ1967ቱ የመሬት አዋጅ እስኪያፈርሰው ድረስ ጠባቂውን የመረጠውም፣ ቅጣቱን የቆረጠውም ሕዝቡ ነበር። ሽማግሌዎቹን እንዴት ይቀጡ እንደነበር ጠይቃቸው፤ ከወረዳ ከሚመጣው ቅጽ የበለጠ ይጠቅምሃል።

አንድ ነገር ቀረኝ፣ ጣልቃ ገባህ አትበለኝ። ምንጩ ሲያልቅ ማመልከቻ ጻፍልን የሚል፣ ድንበር አስታርቀን የሚል፣ ለትምህርት ቤቱ ስብሰባ ና የሚል ይመጣል፤ መልካም ሰው ስለሆንክ ለሁሉም ትሄዳለህ። ባለቤትህ ግን ሠላሳ ዓመት ያህል ስትጠብቅ የኖረችው ለዚህ አይደለም። በሳምንት ሁለት ቀን ለአገሩ ስጥ፣ ቀኖቹንም በእድሩ አስነግር፤ የቀረው የእሷና የበጎቹ ይሁን።

ልጆቹን ሳምልኝ። መልስህን ስትልክ ረጅም ሰላምታ አልጠይቅህም፤ ጀሪካኑ በስንት ሰከንድ እንደሞላና በየትኛው ቀን እንደለካኸው ብቻ ጻፍልኝ።

ወንድምህ፣
ከደብረ ብርሃን