ከጠመንጃው በፊት ስንቁ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

«ሃርትስ ኦፍ አይረን 4» የተባለውን የጦርነት ስልት ጌም ከወሎ ምድር ጋር አስማምተው ሞድ (በተጫዋቾች የሚሠራ የጌም ማሻሻያ) ለመሥራት የሚሞክሩ ወጣቶች ደሴም ኮምቦልቻም አሉ። ሥራው ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከጌጡ ነው፦ የራሶቹ ፎቶ፣ የጦሩ ዓርማ፣ አዲስ የጠመንጃ ስም። ይህ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ያልቃል። በ1928 ዓ.ም. ከማይጨው እስከ ደሴ የሆነውን፣ ከአውሮፕላኑና ከመርዝ ጋዙ ቀጥሎ፣ የወሰነው መንገድ፣ ዝናብና ስንቅ ነው። ሞዱም ከዚያ ቢጀምር ይሻላል እንላለን።

ጨዋታው የሚከፈተው ጃንዋሪ 1 ቀን 1936 እ.ኤ.አ.፣ በእኛ ታኅሣሥ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን ደሴን ከአየር የደበደበችው ኅዳር 26 ስለነበር፣ ጌሙ ሲነሣ ድብደባው 26 ቀን አልፎታል። ስለዚህ ደሴን «ወደፊት የሚመጣ ክስተት» አድርጎ መጻፍ አያስኬድም። ጨዋታው ሲነሣ በሚሠራው ትእዛዝ በደሴ ያሉ ሕንፃዎችን የተጎዱ ማድረግ ይበቃል። ከፊት ያሉት ማይጨው (መጋቢት 22)፣ የደሴ መያዝ (ሚያዝያ 7) እና የአዲስ አበባ መያዝ (ሚያዝያ 27) ናቸው።

መጀመሪያ ካርታው። የጌሙ የዓለም ካርታ 5632 በ2048 ነጥብ (ፒክስል) ነው። 40,000 ኪሎ ሜትር የሆነው የምድር ወገብ ዙሪያ ለ5632 ሲካፈል አንድ ነጥብ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሰዋል። ማይጨውና ደሴ በቀጥታ መስመር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚራራቁ፣ ያ ሁሉ ግንባር በካርታው ላይ 26 ነጥብ ብቻ ነው። ደሴና ኮምቦልቻማ ሁለት ነጥብ ያህል ነው የሚለያያቸው። መንገዱ ወደ 600 ሜትር ቁልቁል ይወርዳል፤ በ1933 ዓ.ም. ሚያዝያ የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ጣሊያንን ከዚያ በር ለማስለቀቅ ቀናት ፈጅቶበታል። ቢሆንም ቁልቁለቱን የራሱ ፕሮቪንስ (ጦር የሚቆምበት ትንሹ የካርታ ክፍል) አድርጎ መሳል አይቻልም። ጌሙ በጣም ጥቃቅን ፕሮቪንስ ሲያገኝ ስሕተት ይመዘግባል፤ ተጫዋቹም ጦሩን በመዳፊት መያዝ ያቅተዋል። እንዲህ ያለው ቦታ በመሬት ዓይነትና በምሽግ ደረጃ ይገለጻል።

እኛ የምንመክረው ከሰሜን ወደ ደቡብ አምስት ፕሮቪንስ ነው፦ ማይጨው ከአሸንጌ ጋር (ተራራ)፣ የራያና የቆቦ ሜዳ (ሜዳ)፣ ወልድያ ከመርሳ ጋር (ኮረብታ)፣ ደሴ ከአምባሰል ጋር (ተራራ)፣ ኮምቦልቻ ከጨፋ ጋር (ኮረብታ)። በምዕራብ ደላንታና መቅደላ አንድ ላይ ተራራ፣ በምሥራቅ ከባቲ በታች ያለው በረሃ። ጨፋን ረግረግ ማድረግ የሚፈልግ አይጠፋም፤ ግን የመሬቱ ዓይነት ለሙሉ ፕሮቪንሱ ስለሚሠራ ኮምቦልቻንም አብሮ ረግረግ ውስጥ ይከታታል።

ሥዕሉ ላይ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው እውነት ነው። የፕሮቪንሶቹ ፋይል ባለ 24 ቢት ቢኤምፒ ሥዕል ሲሆን እያንዳንዱ ፕሮቪንስ ከሌላው የማይጋራው አንድ ቀለም አለው። ጊምፕ በተባለው የሥዕል ፕሮግራም ሲሳል የእርሳሱን መሣሪያ እንጂ ብሩሹን መጠቀም አይገባም፤ ብሩሽ ጠርዙን ለማለስለስ በሁለት ቀለሞች መካከል አዳዲስ ቀለም ይፈጥራል፣ እነዚያም በፕሮቪንሶቹ ዝርዝር ሠንጠረዥ የሌሉ ስለሆኑ ጌሙ ያጉረመርማል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይከፈትም። ቀለም በሚያዛባው በጄፔግ አንድ ጊዜ እንኳ ከተቀመጠ ፋይሉ ተበላሸ ማለት ነው። አራት ፕሮቪንሶች በአንድ ማዕዘን መገናኘትም የለባቸውም፤ «ኤክስ ክሮሲንግ» የሚለው ስሕተት ይህ ነው፣ አንዱን ነጥብ ወደ ጎን በማስረዘም ይፈታል። የወንዞቹ ፋይል ግን ባለ 8 ቢት ነውና ቀለማቱ የሚነበቡት በተራ ቁጥራቸው ነው። የቀለም ዝርዝሩ ከተለወጠ የበሽሎ ወንዝ ከካርታው ይጠፋል። መስመሩ 1 ነጥብ ይሁን፣ በሰያፍ አይገናኝ፣ ምንጩ አረንጓዴ፣ ገባሩ የሚቀላቀልበት ቀይ።

አዲስ ፕሮቪንስ ሲጨመር ሦስት ቦታ መጻፍ አለበት፦ በዝርዝር ሠንጠረዡ ቁጥሩ ሳይዘል በተራው፣ በስቴቱ (ፕሮቪንሶች በሚሰበሰቡበት አውራጃ) ፋይል፣ በስትራቴጂክ ሪጅን (ከስቴት በሚሰፋው ክልል) ፋይል። ሦስተኛው ነው ዘወትር የሚረሳው። ጨዋታው በድንገት ሲዘጋ መጀመሪያ መታየት ያለበት በ«ዶክዩመንትስ» ውስጥ ባለው የጌሙ ፎልደር ያለው የስሕተት መዝገብ ነው። ደግሞም ጌሙ የተጫነበትን ፎልደር ፈጽሞ አትንኩ፤ የሚለወጠውን ፋይል ብቻ ቀድቶ በሞዱ ፎልደር በዚያው አድራሻ ማስቀመጥ ነው። አዲስ ፓች (የጌሙ ሠሪዎች ማሻሻያ) ሲመጣ የተቀዳው ፋይል ያረጃል፤ ጥቂት ፋይል የነካ ሞድ ጥቂት ነው የሚታረመው።

አሁን ወደ ዝናቡ። የአየር ሁኔታው የሚጻፈው በስትራቴጂክ ሪጅኑ ውስጥ በወር በወር ነው፤ ቀላል ዝናብ፣ ከባድ ዝናብ፣ ጭቃ እያለ። እዚህ ሁለት ወጥመድ አለ። ጌሙ ወርንም ቀንንም ከዜሮ ይቆጥራል፤ ጃንዋሪ 0 ነው፣ ጁላይ 6 ነው እንጂ 7 አይደለም። በዚያ ላይ የእኛን ወር ወደ አውሮፓውያኑ ወር መመለስ አለ። ሁለቱን ያደባለቀ ሰው ክረምቱን አንድ ወር አሳልፎ ያስቀምጠዋል። ሁለተኛው ወጥመድ የባሰ ነው፦ የኢትዮጵያ ዝናብ ሲባል ሐምሌና ነሐሴን ብቻ ማሰብ። ወሎ በልግ አለው። ደላንታም ዋድላም ይህን ለማንም ያስረዳሉ። የጣሊያን ጦር አዛዥ የባዶሊዮ የመኪና ሰልፍ ሚያዝያ 18 ከደሴ ሲነሣ እስከ አዲስ አበባ ያለውን 400 ኪሎ ሜትር ገደማ በጭቃ ነው የተጓዘው፤ ጣርማ በር ላይ መንገዱ ተንዶ እስኪጠገን ቆሟል። ስለዚህ ለማርች፣ ለኤፕሪልና ለሜይ (2፣ 3 እና 4) መጠነኛ ዝናብና ጭቃ፣ ለጁላይና ለኦገስት (6 እና 7) ከባድ ዝናብ ይጻፍ። ይህ ሲደረግ የጣሊያን መኪና በበልግ ሲዘገይ፣ እግረኛው ግን ብዙም ሳይጎዳ ይታያል።

ስንቅ የነገሩ ሁሉ እምብርት ነው። ጌሙ ስንቅን የሚያደርሰው በባቡር ሐዲድና በማከፋፈያ ማዕከላት ነው፤ በ1928 ዓ.ም. ግን በኢትዮጵያ የነበረው ሐዲድ የጅቡቲና የአዲስ አበባው ብቻ ነው። አንዳንዱ ሞድ ሠሪ ጦሩ ሲራብበት ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ ሐዲድ ይዘረጋል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉታል ይህን! ያ ሐዲድ ደሴ ስትያዝ ለጣሊያን ይሆናል፣ ከዚያም አዲስ አበባ በሳምንት ውስጥ ትወድቃለች።

እስቲ በቅሎውን እንቁጠር። አንድ ወታደር በቀን 1 ኪሎ እህል ቢበላ 10,000 ወታደር በ10 ቀን 100,000 ኪሎ ይፈልጋል። አንድ በቅሎ 100 ኪሎ ብትጭን 1,000 የጭነት በቅሎ ማለት ነው፤ የበቅሎዎቹ ቀለብ ሳይታሰብ። ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. የሸዋን ጦር በጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ላይ እንዲከት ሲያዝዙ ክረምቱ መውጣቱንና መንገዱ መድረቁን አስበው መሆኑ ግልጽ ነው። ወታደሩ በሶውን፣ ድርቆሹን፣ ጭኮውን ከቤቱ ይዞ ይወጣል፤ እስኪያልቅ ይዋጋል፣ ሲያልቅ ወይ ከባላገሩ ይበላል ወይ ይበተናል።

ይህን በጌሙ ለመግለጽ ሐዲድ አያስፈልግም። ጌሙ ለማንኛውም ጦር የ72 ሰዓት የእጅ ስንቅ ይሰጣል። ይህን ቁጥር በዋናው የመለኪያዎች ፋይል ውስጥ ቢያሳድጉት ለጣሊያንም ያድጋልና ዋጋ የለውም። ለኢትዮጵያ ብቻ በናሽናል ስፒሪት (ለአንድ አገር ብቻ በሚሰጥ ልዩ ባሕርይ) በኩል ጨምሮ ወደ 240 ሰዓት ማድረስ፣ የሰሜን ወሎን የመሠረተ ልማት ደረጃ 1 ላይ መተው፣ የእግረኛውን የስንቅ ፍጆታ በሲሶ መቀነስ። ውጤቱ ከታሪኩ ጋር ይቀራረባል፦ ጦሩ አሥር ቀን በሙሉ ኃይሉ ይዋጋል፣ ከዚያ ሸርተት ይላል። ተጫዋቹ የማይጨውን ውጊያ መቼ ልክፈት ብሎ በእውነት የሚጨነቀው ያኔ ነው።

መቅደላን በዚሁ ጌም እንሥራ የሚሉም አሉ። አይመከርም። ጌሙ የተሠራው ለተዘረጋ የግንባር መስመር ነው፤ የእንግሊዙ ጦር አዛዥ ናፒየር ግን በ1860 ዓ.ም. 13,000 ያህል ወታደርና 44 ዝሆን አሰልፎ ከቀይ ባሕር ዳርቻ ከዙላ በአንድ ቀጭን መንገድ ነው የመጣው። ለመቅደላና ለሰገሌ በባለ ስድስት ጎን ጎጆዎች የተከፈለ የወረቀት ሰሌዳ ይበልጣል፤ አንዱ ጎጆ 5 ኪሎ ሜትር፣ አንዱ ተራ 1 ቀን፣ በሽሎን መሻገር ሙሉ ተራ የሚበላ።

ስለ ፊደሉ ባጭሩ፦ ጌሙ የግእዝ ፊደል ይዞ አይመጣም። ቢኤምፎንት በተባለው ነጻ ፕሮግራም ሥዕላዊ ፎንት መሥራት ያስፈልጋል፤ ነጠላ ሠረዝና አራት ነጥብ እንዳይረሱ። የጽሑፍ ፋይሎቹ በዩቲኤፍ-8 የፊደል አጻጻፍ ከነቦሙ (በፋይሉ መጀመሪያ ከሚገባው ስውር ምልክት ጋር) ካልተቀመጡ ጌሙ እንዳላያቸው ያልፋቸዋል። ሞድ ሠሪው ፎንቱን ሲጠራጠር ሌሊቱን ያድራል፤ ጥፋቱ ያለው ግን ኖትፓድ ውስጥ ነው።

ሞዱ ካለቀ በኋላ ጌሙን በታዛቢነት ከፍቶ ኮምፒውተሩ ሁለቱንም ወገን እንዲጫወት ቢያንስ አሥር ጊዜ ማስኬድ ነው። አዲስ አበባ በፌብሩዋሪ ከወደቀች ለጣሊያን የተሰጠው ስንቅ በዝቷል። እስከ ጁላይ ከዘለቀች ጭቃው በዝቷል። ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ሜይ መጨረሻ ከሆነ ልኩ ነው፤ ሜይ 5 ላይ ካልወደቀች ብሎ ቁጥር ማጠማዘዝ ግን ጨዋታውን ይገድለዋል።

ከጋዜጣው የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። የሲራራ ንግድን የሚያውቁ አባቶች ገና በሕይወት አሉ። ከባቲ ሰኞ ገበያ እስከ ደሴ፣ ከደሴ ተነሥቶ በሽሎን ተሻግሮ እስከ ደላንታ፣ ከወልድያ እስከ ላሊበላ በተጫነ በቅሎ ስንት ቀን ይፈጅ ነበር? በበልግስ? የትኛው መሻገሪያ መቼ ይዘጋ ነበር? አንባቢ የሚልከውን መልስ በባህል ገጻችሁ ብታወጡልን፣ የየፕሮቪንሱን የጉዞ ፍጥነት ከዚያ እናወጣለን።

ከሰላምታ ጋር
የታሪክ ጌም ሞድ ሠሪዎች
ደሴ