ፍሊት የተነፋበት ወይን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ባለፈው ሳምንት እዚህ አዳማ፣ ከአንድ ፍራፍሬ ቤት ከውጭ የገባ ወይን ልገዛ ቆሜ ሳለሁ፣ ሻጩ ካርቶኑን ሲከፍት በአንዱ ዘለላ አንጓ ላይ በድር የተጠቀለለች ነጭ ድቡልቡል ነገር አገኘ። የሸረሪት እንቁላል መሆኑን እንደተረዳ ፍሊት አንሥቶ ዘለላውን አርከፈከፈበት፤ ከዚያም በጨርቅ ጠረገና ከሌላው ወይን ጋር መልሶ ደረደረው። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ሸረሪቷ ሳትሆን ፍሊቱ ነው።

ፍርሃቱ መሠረት የለውም አልልም። ብላክ ዊዶው የተባለችው መርዛማ ሸረሪት በወይን ዘለላ ውስጥ ተደብቃ ባሕር እንደምትሻገር የታወቀ ሲሆን፣ ኒውዚላንድም እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በዚሁ ምክንያት የካሊፎርኒያን ወይን ለጊዜው አግዳ ነበር። ይሁን እንጂ የእንቁላሉ ከረጢት ራሱ አይናደፍም፤ አዲስ የተፈለፈሉት ግልገሎችም የሰውን ቆዳ ለመብሳት አቅም የላቸውም። መጠንቀቅ የሚገባው ከእናቲቱ ነው፤ ከረጢቷን ስለምትጠብቅ እዚያው ዘለላ ውስጥ ልትኖር ትችላለች። ፍሊት ደግሞ ጥቅጥቅ ያለውን ድር አልፎ እንቁላሉን ለመግደል እምብዛም የማይችል ሲሆን፣ ልጆቻችን በሚበሉት ፍሬ ላይ ግን ይቀራል።

እንዲህ ያለ ነገር ያጋጠመው ሰው ዘለላውን በባዶ እጅ ሳይነካ በወፍራም ፌስታል አስገብቶ አጥብቆ ይሰር፤ ከዚያም ለሁለት ወይም ለሦስት ቀናት ፍሪዘር ውስጥ አቆይቶ ይጣለው። የተነደፈ ሰው ቢኖር ቁስሉን በሳሙና አጥቦ፣ ቀዝቃዛ ነገር ይዞበት ወደ ጤና ተቋም ይሂድ እንጂ መብጣትም ሆነ መምጠጥ አይገባም። (በነገራችን ላይ፣ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ በወጣ ቁጥር «ሸረሪት ሸንታብህ ነው» የምንለው ነገር ብዙ ጊዜ አልማዝ ባለጭራ ሆኖ ይገኛል፤ እርሱም በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ ሕክምናው በ72 ሰዓት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል።)

ከሁሉ ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ከውጭ ለሚገባ ፍራፍሬ የሚጠየቀው የዕፅዋት ጤንነት ምስክር ወረቀት በዋናነት የሚመለከተው ተክልን የሚያጠቁ ተባዮችንና በሽታዎችን ነው፤ ሸረሪት ደግሞ የምትመገበው ነፍሳትን እንጂ ተክልን አይደለም። ስለዚህ ወረቀቱ የተሟላ ካርቶን ሸረሪት ይዞ ቢገኝ አይደንቅም፤ የመጨረሻው ፈታሽም ካርቶኑን የሚከፍተው ባለሱቅ ይሆናል። እርሱ ያገኘውን በጥንቃቄ አሽጎ ቢያስቀምጥ እንኳ፣ ዝርያው እንዲለይ ለማን እንደሚያስረክብ አያውቅም፤ እኔም ሁለት ቦታ ጠይቄ የሚነግረኝ አላገኘሁም። የሚመለከተው አካል ለዚህ ጥያቄ በዚሁ ዓምድ ምላሽ እንዲሰጥበት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ አንባቢ
ከአዳማ