ክረምቱ ሳይገባ ጣሪያውን እንክደነው

የተከበራችሁ የመንዝ፣ የተጉለት፣ የቡልጋ፣ የይፋትና የመርሃቤቴ ልጆች፤ በአገር ውስጥም በውጭም ያላችሁ፤

ደብረ ብርሃን ያለው የፓርኪንሰን (ሰውነትን የሚያንቀጠቅጥና የሚያደርቅ የአንጎል በሽታ) ሕሙማን ማረፊያችን ግማሽ ጣሪያው በነፋስ ተገንጥሏል። የቀረውም ቆርቆሮ ሚስማሩ ላልቷል። መዋጮው ቀዝቅዟል። ደጋግሞ መጠየቅ እንደሚያሰለች እናውቃለን፤ እኛም ደክሞናል። ክረምቱ ግን አይጠብቀንም።

«ያዋጣነው ብር የት ገባ?» ትሉ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መድኃኒት ተገዝቶበታል። ፓርኪንሰን የሚመጣው ዶፓሚን የተባለውን፣ ሰውነት እንዲታዘዝ የሚረዳውን ንጥረ ነገር የሚያመነጩት የአንጎል ሕዋሳት እየሞቱ ሲያንሱ ነው። ሌቮዶፓ የተባለው ክኒን አንጎል ገብቶ ወደ ዶፓሚን ይለወጣል። በሽታውን አያጠፋም፤ ሰውን ግን ከአልጋ ያነሳል። በድንገት ሲቋረጥ ሰውነት ይገተራል፣ ለሕይወትም ያሰጋል። ስለዚህ ክኒኑ ሲጠፋና ዋጋው ሲንር ለጣሪያ የያዝነውን ብር ለክኒን አዋልነው። ነገም ቢሆን ከቆርቆሮ በፊት ሰው ይቀድማል። ደረሰኙ አለ፤ መጥታችሁ እዩ።

የተሠራውንም እዩልን። «ቡዳ ነው»፣ «እርጅና ነው» እየተባለ ጓዳ ተቀምጠው የነበሩ ወገኖች ዛሬ ወጥተው ቡና ይጠጣሉ። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍምና ጎረቤትም አይሸሻቸውም። ጠበል የሚጠመቁትም ክኒናቸውን ሰዓቱን ጠብቀው ይውጣሉ። የአዳራሹ ወለል ላይ በነጭ ቀለም አግድም መስመር አስምረናል። በር ላይ ሲደርሱ እግራቸው መሬት ላይ የሚጣበቅባቸው አንድ የመንዝ አባት፣ መስመሩን እያዩ ሲሻገሩ እግራቸው ይፈታል። ዱላቸውን በብብታቸው ይዘው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይሄዳሉ! አሁን ያ ወለል ላይ ውሃ ተኝቷል። ለእነሱ አንድ ጊዜ መንሸራተት የዳሌ ስብራት ነው።

«አዲስ ሕክምና ተገኝቷል ይባላል፤ ለምን እሱን አንጠብቅም?» ያሉንም አሉ። ወሬው እውነት አለው። እንደ ፈረንጆቹ በ2025 በጃፓን የኪዮቶ ሐኪሞች ከስቴም ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ መለወጥ ከሚችል ሕዋስ) ያሳደጉትን ዶፓሚን አመንጪ ሕዋስ በ7 ሕሙማን አንጎል ውስጥ ተክለው ውጤቱን አሳትመዋል። ቀጭን ሽቦ አንጎል ውስጥ አስገብቶ መንቀጥቀጡን በኤሌክትሪክ የሚያረግብ ቀዶ ሕክምናም ቆይቷል፤ ዋጋው ግን አይቀመስም። እነዚህ እኛ ደጅ እስኪደርሱ ሕመምተኛው ክኒኑን መዋጥ፣ ሰውነቱን ማንቀሳቀስ አለበት። ከሩቅ ወረዳ ሲመጣም ማደሪያ ይፈልጋል።

የጎደለን 80 ቆርቆሮ፣ ማገርና ሚስማር ነው። እድሮች፣ ማኅበርተኞች፣ ለዝክር ያሰባችሁ፣ ሰደቃ የምታወጡ፣ ከዚያ ላይ ቀንሱልን። አንድ ቆርቆሮም ቆርቆሮ ነው። ብር የሌለው አናጺ አንድ ቀን ይስጠን።

ገንዘቡ የሚገባው በማረፊያችን ኮሚቴ ስም በተከፈተው የባንክ ሂሳብ ብቻ ነው። የሂሳብ ቁጥሩ ማኅተም ባለው ደብዳቤያችን ላይ ተጽፏል። ያለ ሦስት ፊርማ አይወጣም። በግለሰብ ስልክ ወይም በቴሌብር ላኩ የሚላችሁ ካለ እኛ አይደለንም። አደራ፣ ከመላካችሁ በፊት ስሙን አረጋግጡ፤ በኮሚቴው ስም ካልሆነ አትላኩ። ስትልኩ «ለጣሪያ» ብላችሁ ጻፉ፣ ደረሰኙንም ያዙ።